በባንክ ስም የሚመጣ መልእክት፦ እንዴት እንደሚለይና ሲደርስ ምን እንደሚደረግ

አክስቴ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ውስጥ በርበሬ፣ ነጭ አዝሙድና ኮረሪማ ትሸጣለች። አንድ ረፋድ ላይ ጤናዋን ልጠይቅ ጎራ ባልሁበት ጊዜ የያዘችውን ደንበኛ ሸኝታ፣ በርበሬ የነካ እጇን በሽርጧ ጠራርጋ፣ ባለ ቁልፍ ስልኳን ዘረጋችልኝና «ልጄ፣ እስኪ ይህን እይልኝ፤ ባንኩ የተቆጣኝ ይመስለኛል» አለችኝ። ስልኩ ላይ የነበረው ጽሑፍ «ውድ ደንበኛችን፣ ሂሳብዎ ከፋይዳ መታወቂያ ጋር ባለመያያዙ ዛሬ 6 ሰዓት ላይ ይዘጋል። እንዳይዘጋብዎ አሁኑኑ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» ይላል፤ ከሥሩም በ09 የሚጀምር ተራ የሞባይል ቁጥር ተከትሏል። ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆኖ ነበር። አክስቴ እኔ ከመድረሴ በፊት ሁለት ጊዜ ደውላለች፤ ያላገኘቻቸው መስመሩ ስለተያዘ ብቻ ነው።

በዚያች ሰዓት «ውሸት ነው» ብዬ እሷን ማሳመን ቀላል አልሆነልኝም፤ የመልእክቱ አብዛኛው ክፍል እውነት ነበርና። ባንኮች የደንበኞቻቸውን ሂሳብ ፋይዳ ከሚባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ጋር እንዲያያይዙ በእርግጥ እየተደረገ ነው፤ እሷም ከሳምንት በፊት ይህንኑ የሚል ማስታወቂያ በቅርንጫፉ መስታወት ላይ ተለጥፎ አይታ «ነገ እሄዳለሁ» እያለች ስታቆየው ሰንብታለች። ላኪው ግን ይህን ሁሉ ስለ እሷ አያውቅም። አንድ ዓይነት ጽሑፍ ለብዙ ቁጥሮች ይበትናል፤ ከደረሳቸው ሰዎች መካከል የተወሰኑት መታወቂያቸውን ያላያያዙ፣ ስለዚሁም ሲያስቡ የነበሩ መሆናቸው አይቀርም፤ ለእነዚህ ሰዎች መልእክቱ በስማቸው የተጻፈ ያህል ይሰማቸዋል።

እኔ ፒያሳ አካባቢ በጽሕፈትና በኮምፒውተር አገልግሎት ቤት ስለምሠራ እንዲህ ያለ መልእክት ይዞ «ይህ ነገር እውነት ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ከዚህ ልምድ የተረዳሁት ነገር ቢኖር ጥያቄው ራሱ መስተካከል እንዳለበት ነው። መልእክቱ የሚናገረው ነገር እውነት መሆኑን መመርመር ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ጥሩ አጭበርባሪ ውሸቱን የሚተክለው እውነት በሆነ መሬት ላይ ነውና። መመርመር ያለበት መልእክቱ ምን እንድናደርግና በየትኛው መንገድ እንድንሄድ እንደሚጠይቅ ነው።

የአክስቴን መልእክት በዚህ ዓይን እንየው። የባንክ ድምፅ አለበት፤ ስጋት አለበት፤ የሰዓት ገደብ አለበት፤ በመጨረሻም መንገድ ያሳያል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በእውነተኛ የባንክ መልእክት ውስጥም ሊገኙ ይችላሉ፤ ባንክ ደንበኛውን ያስጠነቅቃል፣ ቀነ ገደብም ያስቀምጣል። ልዩነቱ ያለው በአራተኛው ላይ ነው። ጉዳዩ በእርግጥ የባንኩ ከሆነ በየትኛውም በር ብንገባ ያው ሆኖ እናገኘዋለን፤ ቅርንጫፍ ሄደን ብንጠይቅ፣ በታወቀው የጥሪ ማዕከል ብንደውል፣ ከዚህ በፊት በምንጠቀምበት አፕ ብንገባ ባንኩ ቅር አይለውም። አጭበርባሪው ግን እርሱ በሰጠው ቁጥር ካልተደወለለት ወይም እርሱ በላከው ሊንክ ካልተገባለት ሥራው እዚያው ላይ ይቆማል። ስለዚህ መልእክቱን ማንበብ አይጎዳም፤ በመልእክቱ ውስጥ በተሰጠው መንገድ መሄድ ግን ይጎዳል። ጉዳዩ እውነት መስሎ ከታየዎ መልእክቱን ይዝጉና ራስዎ ቀድሞ በሚያውቁት መንገድ ይሂዱ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኛ 951 ላይ፣ የቴሌብር ተጠቃሚ 127 ላይ መደወል ይችላል፤ የሌሎች ባንኮች ቁጥር በኤቲኤም ካርድ ጀርባ ወይም በቅርንጫፉ ይገኛል። ቁጥሩን ጉግል ላይ ከመፈለግ ግን ከካርዱ ላይ መውሰድ ይሻላል፤ አጭበርባሪዎች የራሳቸውን ቁጥር በባንክ ስም ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ አይቸግራቸውምና።

የሰዓት ገደቡ የተቀመጠው ለምን እንደሆነ መረዳትም ያረጋጋል። ዓላማው ሰውዬው ከሌላ ሰው ጋር እንዳይመካከር ነው። አክስቴ መልእክቱን ለእኔ ባታሳየኝና ሦስተኛ ጊዜ ብትደውል ኖሮ ነገሩ የሚያልቀው እኔ ሳልሰማ ነበር። ደግሞም ቢዘገዩ የሚመጣው ጉዳት ትንሽ ነው፤ ሂሳብ በማንነት ማረጋገጫ ጉዳይ ቢታገድ እንኳ ገንዘቡ አይጠፋም፤ መታወቂያ ይዞ ቅርንጫፍ ሲቀርቡ ይፈታል። በመቸኮል የሚመጣው ጉዳት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሂሳቡን ባዶ ሊያደርገው ይችላል።

የባንኩ ስም ከላይ ተጽፎ ሲመጣ

ብዙ ሰዎች «ይኸኛው ቁጥር የለውም፤ የባንኩ ስም ነው የወጣው፤ ስለዚህ እውነት ነው» ይላሉ። ይህ እምነት አደገኛ ስለሆነ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አጭር መልእክት የሚጓዝበት ሥርዓት ላኪው በስልክ ቁጥር ፋንታ እስከ 11 የሚደርሱ ፊደላትና አሃዞች ያሉት ስም እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳል። ተቀባዩ ስልክ ስሙን እንደ ደረሰው ያሳያል እንጂ ስሙ የማን እንደሆነ አይመረምርም፤ በፖስታ ጀርባ ላይ የተጻፈ የላኪ ስም ማለት ነው። የቴሌኮም ድርጅቶች በስም የሚላኩ መልእክቶችን ለመቆጣጠር ይጥራሉ፤ ሆኖም በተለያዩ አገሮች ይህ አጥር ተጥሶ የባንክ ስም የለበሱ ሐሰተኛ መልእክቶች በተደጋጋሚ አልፈዋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ስልካችን አንድ ዓይነት ስም ያላቸውን መልእክቶች በአንድ ተርታ የሚደረድር መሆኑ ነው፤ ሐሰተኛው መልእክት ባለፈው ወር ደመወዝ መግባቱን ካበሰረው እውነተኛ መልእክት ሥር ገብቶ ሊቀመጥ ይችላል፤ እንዲህ ሲቀመጥ የትኛውም ሰው ቢታለል አይፈረድበትም።

በእርግጥ ወደ እኔ ከመጡት መካከል አብዛኞቹ ይህን ያህል የረቀቁ አልነበሩም፤ በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ የግል ቁጥር የተላኩ ናቸው። ስለዚህ መለኪያው በአንድ ወገን ብቻ ይሠራል። በባንክ ስም የሚናገር መልእክት ከተራ የሞባይል ቁጥር ከመጣ ሐሰተኛ ነው ብሎ መዝጋት ይቻላል፤ በባንኩ ስም ስለመጣ ብቻ ግን እውነተኛ ነው ማለት አይቻልም።

ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ነገሩ ከዚህም የቀለለ ነው፤ የባንክ አርማ አውርዶ የራስ ምስል ማድረግ ለማንም ክፍት ነው። በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው በባንኩ ገጽ ሥር ችግራቸውን የሚጽፉ ሰዎች ጉዳይ ነው። «ገንዘቤ ተቆርጦ አልደረሰም» ብሎ በአስተያየት መስጫው ላይ የጻፈ ደንበኛ ብዙም ሳይቆይ «የባንኩ የደንበኞች ድጋፍ ነን» የሚል ሰው በውስጥ መስመር ያነጋግረዋል። ሰውዬው ችግሩን ያውቃል፣ ስሙን ያውቃል፣ በትሕትና ያናግራል፤ ሁሉንም ያወቀው ግን ከዚያው ከተጻፈው አስተያየት ላይ ነው።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኛ ሰው ጉዳዩ ቀላል አይደለምና። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ምልክቶችን ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ሁለትና ሦስት ሆኖ ስለሚቆረጥ ወጪው ይጨምራል። ምክንያቱ ይህም ይሁን ሌላ፣ ከባንክ የሚደርሱን የገቢና የወጪ ማሳወቂያዎች ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ታዲያ መልእክቱን የሚያውቀው በመልኩ ነው፤ ከላይ ስሙን፣ መሐል ላይ አሃዙን፣ መጨረሻ ላይ ቀሪውን ያያል። መልክን መኮረጅ ደግሞ ቀላል ነው። የማረጋገጫ ኮድ የያዘው መልእክት «ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢኖረውም ማስጠንቀቂያው በማያነቡት ቋንቋ ከተጻፈ ዋጋ የለውም። «የፊደል ስህተት ካለበት ሐሰተኛ ነው» የሚለውን የተለመደ ምክር የማልደግፈውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ምክሩ ስህተቱን ማየት ለሚችል ሰው ብቻ ይጠቅማል፤ እየቆየ ሲሄድ ደግሞ አጭበርባሪዎቹም ጽሑፋቸውን እያሳመሩ ነው።

ከመልእክቱ በኋላ የሚመጣው ስልክ

መልእክቱ በራሱ ገንዘብ አይወስድም። ገንዘቡ የሚወሰደው ከዚያ በኋላ በሚደረግ ንግግር ነው፤ ይህንንም ሳይሰሙት ማወቅ ይጠቅማል። አንድ የአዘዞ ሰው ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ሱቃችን ውስጥ ያሰማኝ ጥሪ በግምት እንዲህ ነበር፦ «አባቴ፣ እንደምን ዋሉ? ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የምደውልልዎ። አይስጉ፣ የሚስጥር ቁጥርዎን አልጠይቅዎትም፤ የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም እንዳይነግሩ። አሁን ስልክዎ ላይ 6 አሃዝ ይገባልዎታል፤ ሂሳብዎ እንዲታደስ እሱን ብቻ ያንብቡልኝ።» ከኋላው የሌሎች ሰዎች ድምፅ ይሰማል፤ በእርግጥም የጥሪ ማዕከል ይመስላል። ደዋዩ «የሚስጥር ቁጥርዎን እንዳይነግሩ» ማለቱ በአዛውንቱ ዘንድ አመኔታ አስገኝቶለታል፤ «ሌባ ቢሆን ኖሮ እሱን ነበር የሚጠይቀኝ» አሉኝ።

የማረጋገጫ ኮድ ወይም ኦቲፒ የሚባለው ይህ ቁጥር ምን እንደሆነ የተረዳ ሰው ግን አይታለልም። አጭበርባሪው በራሱ ስልክ ላይ የባንኩን አፕ ከፍቶ የሰውዬውን ስልክ ቁጥር አስገብቷል። ባንኩ በበኩሉ «ይህን የሚያደርገው የሂሳቡ ባለቤት ነው ወይ?» ብሎ ለማጣራት ወደ ባለቤቱ ስልክ ኮድ ይልካል። ኮዱ ባንኩ ለባለቤቱ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው፤ ኮዱን ለሌላ ሰው ማንበብ ደግሞ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብሎ መፈረም ነው። ባንኩ የላከውን ኮድ ባንኩ ራሱ ደውሎ «ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት የለም። እኛ ምንም ሳንጀምር ኮድ ከገባልን አንድ ሰው በእኛ ስም በር እያንኳኳ ነው ማለት ስለሆነ ለማንም ሳንናገር ለባንኩ ማሳወቅ ይገባል። ሌላም የማይሻር ደንብ አለ፦ ገንዘብ ለመቀበል የሚስጥር ቁጥር ማስገባት አያስፈልግም። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ለመቀበል የሚስጥር ቁጥርዎን ያስገቡ» የሚል ሁሉ ሊሰጥ አልመጣም።

አንዳንዶቹ ኮድ ከመጠየቅ ይልቅ ሰውዬው ራሱ በስልኩ ላይ እንዲጽፍ ያደርጉታል። «ኔትወርክዎን እናስተካክል፤ ይህን ጽፈው ይደውሉ» ብለው በ*21* ጀምሮ በስልክ ቁጥር የሚቀጥልና በ# የሚያበቃ ነገር ያስጽፋሉ። ይህ ወደ እኛ የሚመጣውን ጥሪ ሁሉ ወደ ሌላ ስልክ የሚያዞር ትእዛዝ ነው። አጭር መልእክትን አያዞርም፤ ነገር ግን ባንኩ ተጠራጥሮ ለማጣራት ቢደውል ስልኩን የሚያነሳው ሌባው ይሆናል፤ በድምፅ ጥሪ የሚነገሩ የማረጋገጫ ቁጥሮችንም እርሱ ይሰማል። ጥሪዎ ተዞሮ እንደሆነ *#21# ብለው ማየት፣ ##002# ብለው ደግሞ ሁሉንም መሰረዝ ይችላሉ።

በቴሌግራም የሚላክ «አዲሱ የባንክ አፕ» ወይም የሩቅ ሰው ስልክዎን እንዲያይ የሚያደርግ አፕ ጫኑ የሚል ካለ አይጫን። አፕ የሚወርደው ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ነው፤ እዚያም ቢሆን ስሙን ከባንኩ ጠይቆ ማረጋገጥ ይሻላል። ሊንክን በተመለከተ የባንኩ ስም በአድራሻው ውስጥ መኖሩ በቂ እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ማንም ሰው የባንክን ስም ከሌላ ቃል ጋር አጣብቆ አድራሻ ማስመዝገብ ይችላልና።

ለሻጭ የሚላከው ሐሰተኛ የገቢ መልእክት

በእኛ ከተማ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ በነጋዴው ላይ የሚደረገው ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ወራት ሲቆይ አፖች ለብዙው ሰው አልሠሩም፤ ለሻጩ የቀሩት አጭር መልእክትና በኮከብ ምልክት የሚጀምሩት የስልክ ባንክ ቁጥሮች ነበሩ። ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላም ስልክ ጮኾ «ገቢ ሆኗል» የሚል መልእክት ከታየ ዕቃውን የማስረከብ ልማድ በብዙ ሱቅ ቀርቷል። ልማዱ የተመሠረተው ደግሞ መልእክቱ ራሱ ገንዘብ ነው በሚል ስሜት ላይ ነው።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ገዢው ዕቃውን አስመዝኖ፣ የሻጩን የሂሳብ ቁጥር ጠይቆ፣ ስልኩን ሲነካካ ይቆይና «ላክሁ» ይላል። በዚያው ቅጽበት የሻጩ ስልክ ይጮኻል፤ «በሂሳብዎ 4,500 ብር ገቢ ሆኗል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። መልእክቱን የላከው ግን ባንኩ ሳይሆን ውጭ የቆመ ጓደኛው ነው። ሌላው ደግሞ የተስተካከለ የደረሰኝ ምስል በስልኩ ላይ ያሳያል። ገበያው ሞልቶ፣ ሌላ ደንበኛ ከኋላ እየጠበቀ፣ ሻጩ የላኪውን ማንነት ለማየት ጊዜ አይኖረውም።

ማስረጃው ሂሳቡ ነው። በንግድ ባንክ *889#፣ በቴሌብር *127# ላይ ወይም በአፑ ገብቶ ቀሪ ሂሳብን ማየት ከደቂቃ በላይ አይወስድም። መልእክቱ መጥቶ ሂሳቡ ካልጨመረ ገንዘብ አልገባም። በተቃራኒውም ኔትወርክ ሲጨናነቅ ገንዘቡ ገብቶ መልእክቱ ሊዘገይ ስለሚችል፣ መልእክት አልመጣም ብሎ እውነተኛ ከፋይን በሌብነት መጠርጠር ነውር ነው። «ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ሂሳቤ ላይ እስከማይ አንድ አፍታ ታገሠኝ» ማለት ለሁለቱም ወገን ይበቃል፤ በእርግጥ የከፈለ ሰው በዚህ አይቀየምም።

በጥምቀት ሰሞን ክፍል የሚያከራዩ የሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች ቀብድ የሚቀበሉት ከሩቅ ሰው ስለሆነ ደረሰኝ በቴሌግራም ሲላክላቸው ይበልጥ መጠንቀቅ አለባቸው። ለእነርሱ የምትጠቅም አንዲት ምልክት አለች። የንግድ ባንክ የዝውውር መለያ ኤፍ ቲ በሚሉት ፊደላት ይጀምራል፤ ከፊደላቱ ቀጥለው ከሚመጡት 5 አሃዞች ሁለቱ የፈረንጆቹን ዓመት መጨረሻ፣ ሦስቱ ደግሞ ዓመቱ ከገባ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ያሳያሉ። ኤፍ ቲ 25016 ቢል 2025 በገባ በ16ኛው ቀን፣ ማለትም ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. የተደረገ ዝውውር ነው። የቆየ ደረሰኝ ወስዶ ከላይ ያለውን ቀን ብቻ የቀየረ ሰው ይህን ሊረሳው ይችላል። በበዓልና በዕረፍት ቀናት አሃዙ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ሊሻገር ስለሚችል በአንድ ቀን መለያየቱ ብቻ ሰውን አያስወነጅልም፤ መግጠሙም ቢሆን ገንዘቡ መግባቱን አያረጋግጥም። ሂሳብን ማየት የሚተካ ምልክት የለም።

«በስህተት ልኬብዎ ነው፣ ይመልሱልኝ» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ሐሰተኛ የገቢ መልእክት ይደርሳል፤ ወዲያው አንድ ሰው እያለቀሰ ደውሎ ገንዘቡ ለታማሚ ልጅ መድኃኒት እንደነበር ይናገራል። የእኛ ሰው ሩኅሩኅ ስለሆነ ሂሳቡን ሳያይ ከኪሱ ይልካል። በቅድሚያ ቀሪ ሂሳብ ይታይ። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ከሆነም በተሰጠው ቁጥር ከመላክ ይልቅ ለባንኩ ነግሮ ባንኩ ወደ መጣበት ሂሳብ እንዲመልሰው ማድረግ ይገባል፤ ከሌላ ሰው የተዘረፈ ገንዘብ ሊሆን ይችላልና። እንዲህ ማድረግ ርኅራኄን አያጎድልም፤ በእርግጥ የተሳሳተ ሰው ከሆነ ገንዘቡን በባንኩ በኩል ያገኘዋል።

ገንዘቡ ከሄደ በኋላ

ከተታለሉ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ከሁሉም በላይ ዋጋ አላቸው። በስልክ የሚደረግ ዝውውር ወዲያው ስለሚደርስ ሌባው ገንዘቡን ከአንዱ ሂሳብ ወደ ሌላው ያሻግረዋል ወይም አውጥቶ ይይዘዋል፤ ባንኩ በተቀባዩ ሂሳብ ላይ ሊያግድ የሚችለው እዚያ የቀረውን ብቻ ነው። ስለዚህ ለቤተሰብ ከመንገርም፣ ከመጸጸትም፣ ሌባውን መልሶ ደውሎ ከመሳደብም በፊት ወደ ባንኩ ይደወል፤ «የሞባይል ባንኬንና ሂሳቤን አግዱልኝ፣ ገንዘቤም ወደዚህ ሂሳብ ሄዷል» ይባል፤ የዝውውሩ መለያ ቁጥርና ሰዓቱ ይነገር። ሂሳቡ ገና ያልተነካ ከሆነ የሚስጥር ቁጥሩ ይቀየር። ስልኩ ያለ ምክንያት ኔትወርክ ካጣ አንድ ሰው ሲም ካርዱን በስሙ አውጥቶት ሊሆን ስለሚችል በሌላ ሰው ስልክ ወደ ቴሌኮሙ፣ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆነ 994 ላይ፣ ደውሎ ማዘጋት ያስፈልጋል። በስልክ ከተነገረ በኋላ መታወቂያ ይዞ ቅርንጫፍ መሄድና በጽሑፍ ማመልከት ተገቢ ነው፤ ያመለከቱበትንም ቅጂ ማስቀረት አይረሳ።

መልእክቶቹን በንዴት ማጥፋት ትልቅ ስህተት ነው። ቁጥሩ፣ ጽሑፉ፣ የጥሪው ሰዓት፣ ገንዘቡ የገባበት ሂሳብ ስም ሁሉ ለፖሊስ መረጃ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማንነትን አሳስቶ በኮምፒውተር መረጃ ሰውን ማታለልን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል፤ አገልግሎት ሰጪዎችም የግንኙነት መረጃን ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ያዝዛል። ይህ ማለት ማን ለማን መቼ እንደደወለ የሚያሳይ ዱካ አለ፣ ዱካው ግን ለዘላለም አይቆይም ማለት ነው። ቀድሞ ያመለከተ ሰው የተሻለ ዕድል አለው።

ከዚህ በኋላ ሌላ ስልክ ሊመጣ ይችላል። «የተወሰደብዎትን ገንዘብ እናስመልሳለን፤ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ይላኩ» የሚል ነው። አንድ ጊዜ የተታለለ ሰው ቁጥሩ በሌቦች እጅ ስላለ ሁለተኛው ወጥመድ የሚጠመደው ለእርሱ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ልቤን የሚያሳዝነኝ ሰዎች በኀፍረት ዝም ማለታቸው ነው። አንድ አባወራ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ አሳልፎ ሰጥቶ ሦስት ቀን ለሚስቱ ሳይናገር፣ ለባንኩም ሳያመለክት ቆይቶ ወደ እኔ መጥቷል፤ ያ ሦስት ቀን ከገንዘቡ የተወሰነውን ሊያድን ይችል ነበር። የተታለለን ሰው «እንዴት አታውቅም?» ማለት ቀጥሎ የሚታለለውን ሰው አፉን እንዲዘጋ ማስተማር ነው። ለዚህ ሥራ የተቀመጡ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የሚለማመዱትን ንግግር በርበሬ እየመዘነ የሚሰማ ሰው ቢሸነፍ ሞኝ አይባልም።

ለወላጆቻችን ስንነግር ደግሞ ምክር ብቻ አይበቃም፤ እጃቸው ሊለምደው ይገባል። ከአክስቴ ጋር በዚያው ቀን ያደረግነው ይህንኑ ነው። መልእክቱ ላይ ያለውን ቁጥር ትተን፣ የባንኩን የጥሪ ማዕከል ቁጥር ከኤቲኤም ካርዷ ጀርባ ፈልገን በራሷ ስልክ በራሷ ጣት አስደወልኋት፤ የተቀረጸው ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ» ሲል ስልኩን ለጆሮዬ አቅርባ «ይህስ ሰው ነው?» አለችኝ። ሰው እስኪነሳ ድረስ አብረን ጠበቅን። ቁጥሩንም በባንክ ደብተሯ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፍሁላት፤ በስልኳም ውስጥ «ባንክ» ብዬ መዘገብሁት።

ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ ሂሳቧን ተመልክታ በዚያ ቀን 6 ሰዓት ላይ ይዘጋል የተባለ ሂሳብ እንደሌለ፣ ፋይዳውን ግን ማያያዝ እንደሚያስፈልጋት ነገረቻት። ከሰዓት በኋላ ሱቋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ መታወቂያዋን ይዛ ቅርንጫፍ ሄደች።